ጆንያ ሰፊዋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1977
በአሰብ ወደብ ዲዛይን ክፍል የመጋዘን ጣሪያ ስነድፍ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አቶ ንዋይ መጡ። የወደቡ መግቢያ አደባባይ ላይ የሠራተኛ ሐውልት ሊቆም ነው። "አንቺ የሕንፃ ሞዴል ስትሠሪ ከጀሶ ጋር ትግባቢያለሽ፤ የሐውልቱንም ሥሪው" አሉኝ። እኔ! የሐውልቱ ኮሚቴ የሚፈልገው ጆንያ የተሸከመ ጡንቸኛ ወንድ ነው። እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 9
የጀሶው ሰውዬ ትከሻ እምቢ አለኝ። ግን... ሰባት ዓመት ሙሉ ስገባ ስወጣ የወደቡ በር ላይ የማየው ማንን ነው? የተቀደደ የእህል ጆንያ የሚሰፉትን ሴቶች አይደል? ሰውዬውን አፈረስኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
እትዬ ባዩሽን ስቀርጻት እንድትቆምልኝ ለመንኳት። ከሰፊዎቹ አንጋፋዋ ናት። ሳቀችብኝ።
"እኔን ሐውልት አድርገሽ ማን ሊያየኝ?"
"አገር ምድሩ!"
"እንግዲያው ቀጥ ብዬ ልቁም። አጎንብሼማ ኖሬያለሁ።"
መርፌዋን ይዛ ቆመች። እንዴት እንደምታምር!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3
ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ከሞዴሉ ላይ ጨርቁን ገለጥኩ። አንዱ "ሴት ከሆነች አይቀር እንስራ ብታሸክሚያት" አለ። ሌላው "ሕፃን ብትታቀፍ..."
ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፦ "ወደባችን ውስጥ እንስራ የተሸከመች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?"
አቶ ንዋይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሠራተኛ ነው ያልነው። ይቺ ሠራተኛ አይደለችም?"
ጸደቀ! እስከ ቤቴ ሮጥኩ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ በአሰብ መንገድ፣ ሩጫ!

ሐሙስ፣ ጥር 2
በያጁ ውብሸት የሐውልቷን የብረት አጽም፣ ፌሮውን፣ ጨረሰልኝ፤ እኔ ሲሚንቶ ማልበስ ጀመርኩ። ፀጉሬ በሲሚንቶ ደርቋል። ማበጠሪያ አይገባውም። ደስ ሲል...

እሑድ፣ ጥር 19
ሐውልቷ ተመረቀች! እትዬ ባዩሽ ሰው መሃል ተደብቃ ነበር፤ ጓደኞቿ ገፍተው አወጧት። ሐውልቷን ዞራ አየቻት። ባትወዳትስ?
"መርፌ አያያዟ ልክ ነው" አለች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰፊዎቹ እልልታውን አቀለጡት።

ዓርብ፣ የካቲት 15
ከሥራ ስወጣ በአደባባዩ አለፍኩ። ድሮ እዚያ የሚቀመጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴት ቆም ካለች "ማንን ነው የምትጠብቀው?" ትባል ነበር። ዛሬ ሰፊዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ከሐውልቱ ሥር ተደርድረው ይሳሳቃሉ። የጠየቃቸው የለም።
ማምሻውን ከገበያ ስመለስ ታክሲ ያዝኩ። አብራኝ የተሳፈረች የማላውቃት ሴት "ሰፊዋ ጋ አውርደኝ" አለችው።
ሾፌሩ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቃትም።