ለቀስተኛ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

«መኪናው አንድ ቶን የሚጭን ስለሆነ፣ ለቀስተኛም ጭነት ስላልሆነ፣ ኋላው የጎበጠው በባለቤቱ ውፍረት መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ አቶ ዘማርያም ክብደት እስኪቀንሱ ድረስ የመኪናው ቁልፍ በሊቀመንበሩ እጅ ይቆይ።»
(በካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ በዕድራችን በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ)

ለክቡር የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ምንዳዬ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፒካፔን ስለወሰዱልኝ በእግሬ እየተንሸራሸርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ኮሚቴዎ ለጤናዬ ይህን ያህል መጨነቁ ልቤን ነክቶታል፤ ሐኪሜ እንኳ ውፍረቴን በር ላይ ለጥፎልኝ አያውቅም።

መኪና ያለው አባል ለሐዘን ጊዜ ያውል የሚለውን ደንብ ራሴ ፈርሜበታለሁ፤ በዚያ ቅር አላለኝም። ቅር ያለኝ የሚከተለው ነው፦

1ኛ. «አንድ ቶን» ገበያ ያወጣለት የመጠሪያ ስም ነው። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ 850 ኪሎ ይላል። በዚህ ውስጥ ዕቃው፣ ሰዉ፣ ሹፌሩ፣ እንዲሁም ሳይጠይቁኝ ያስበየዱልኝ የድንኳን ማንጠልጠያ ብረት ሁሉ ይቆጠራሉ። መኪናው የተሠራበት አገር ሰዎች ለቀስተኛ ክብደት የለውም የሚለውን ግኝትዎን ገና አልሰሙም።

2ኛ. ያለፈው ቅዳሜ ጀብራ ሰፈር ወዳለው ሐዘን ቤት ስንሄድ ድንኳኑ 180፣ ወንበሮቹ 240፣ ውሃ የሞላው በርሜል 200፣ ድስቶቹ 40፣ ብረቱ 90 ኪሎ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ላይ፣ ቢያንስ ስድሳ ስድሳ ኪሎ የሚመዝኑ ዐሥራ አራት ለቀስተኞች ተሰቀሉ። ከእኔ 104 ኪሎ ጋር ድምሩ 1,694 ይመጣል፤ የተፈቀደው እጥፍ ሊሆን ስድስት ኪሎ ብቻ ቀረው። ጥቂት ሰው ይውረድ ብዬ ብለምን፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ ከወንበሮቹ ጫፍ ሆነው «ያላ ዘማርያም፣ ንዳው! እኛን እንደሆን ሐዘን አክስቶናል» አሉኝ። የፊት መብራቴ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ጀብራ ሳንደርስ የኋላው ባሌስትራ ተሰበረ። እኔ ከምድረ ገጽ ብጠፋ እንኳ ትርፉ 740 ኪሎ እንደነበር ኮሚቴው ደምሮ ይድረስበት።

3ኛ. የተከበሩት ጸሐፊያችን አቶ ማሩ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 2,500 የሚል ቁጥር አግኝተው «ገና ቦታ አለን» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ስለ ንባብ ፍቅራቸው አመሰግናለሁ። ያ ቁጥር መኪናው ከኋላው የሚጎትተው ተጎታች ክብደት ነው። በሬ ግንድ ይጎትታል ተብሎ ግንዱ ጀርባው ላይ አይጫንም።

ባሌስትራው ትናንት ተጠግኗል። ለፊታችን ቅዳሜ ጉዞ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ሰው መመዝገባችሁን ሰማሁ። ስለዚህ ቁልፌ እንዲመለስ፣ ማስታወቂያው እንዲነሣ፣ ከዕቃው ጋር ሁለት ሰው ብቻ ሄዶ ሌላው ለቀስተኛ እንደ ማንኛውም የካርቱም ነዋሪ በሕዝብ ማመላለሻው በሐፍላ ተሳፍሮ እንዲመጣ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ (እስከቻልኩት ድረስ) እለምናለሁ።

ሊቀመንበርነትዎን በሩቁ እያደነቅሁ፣ በእግሬም እየተከተልሁ፣

ከአክብሮት ጋር
ዘማርያም ውብሸት
ቀጭን ለመሆን የተፈረደበት አባል

ማሳሰቢያ፦ በእኔ ቦታ ራስዎን ሹፌር አድርገው መሾምዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ማክሰኞ ዕለት በሽንኩርት ነጋዴው ሚዛን ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ፣ ነጋዴው «ማሻአላህ!» ብሎ ያነበበው ቁጥር 118 ነበር። አዲሱ ሹፌር ከተባረረው በዐሥራ አራት ኪሎ የሚበልጥበትን ምክንያት እስከ ዐርብ ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት፣ እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ።