ቀሪ የተባለችው አንባቢ

ኅዳር 9 ቀን 2002

የንብ እርባታውን መጽሐፍ ጨረስኩ። ጥሩ ነው... ግን ጸሐፊውን ንብ ነድፎት የሚያውቅ አይመስለኝም። ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ስለ ቀፎ የሚለው ይታመን። ስለ ጭስ የሚለውን ግን መጀመሪያ ቀፎ ያለውን ሰው ጠይቁ።» ስም የለበትም። ስሜን መቼም ጽፌ አላውቅም።

የቢቸና ሕዝብ ንባብ ቤት ኃላፊ ሰብለ ወንጌል ወረቀቱን ከሽፋኑ ውስጥ ለጠፈችልኝ። የታሪኩን፣ የጤናውን፣ የሕጉን መጽሐፍ እያነበብኩ የሚበጀውንና የማይበጀውን ለሰው መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልቦለድ አልነካም። ውሸት ለመስማት ሰፈሬ ይበቃኛል።

«እማማ ይርጋነሽ፣ ወረቀትዎን ሳያይ መጽሐፍ የሚወስድ የለም እኮ» አለችኝ።

ለምን ታሞካሸኛለች? ምን ፈልጋ ነው?

ኅዳር 12

ሁለት ሰዎች ከጎኔ ተቀምጠው የእኔን ወረቀት ያነባሉ።

«ይሄ ሰውዬ ከደብረ ወርቅ የመጣ መሪጌታ ሳይሆን አይቀርም» አለ አንዱ።

«አፉ ግን መርዝ ነው» አለ ሌላው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማማ፣ የልጅ ልጅ እየጠበቁ ነው?»

አዎ አልኩት። መነጽሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በአርባ ሦስት ዓመቷ ከልጇ ደብተር ፊደል የለቀመች ሴት እንደጻፈችው ቢያውቁ ኖሮ... ያነቡት ነበር? ይሁን። መሪጌታ ይበሉኝ።

ኅዳር 20

ከሞጣ መጽሐፍ መጣ። ጸሐፊው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ጡረተኛ መምህር ነው። ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ዘማች ሆኖ ሲያስተምር ያየውን ነው የጻፈው። ደብዳቤም አለበት፦ «ለተከበሩ የቢቸና ሊቅ። አስተያየትዎን ሳላይ መጽሐፌን ቢቸና ላይ አላስመርቅም።»

ሰብለ ላይ አፈጠጥኩባት። «ነግረሽዋል?»

«በማርያም አልነገርኩም! ‹መሪጌታው ማን ይባላሉ?› ብሎ በስልክ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ።»

ዝም ማለትም መናገር ነው። አላመንኳትም።

ስሙን ግን የት ነው የማውቀው?

ኅዳር 23

ገጽ 61። የእኛ ቀበሌ! «እናቶች ለፊደል ፍላጎት አልነበራቸውም። መዝገቤ እንደሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ አሥራ አንዱም ቀሪ ነበሩ።»

እሱ ነው። ያ አንገተ ቀጭን ዘማች።

ያኔ በስድስት ሰዓት መማሪያው ዳስ ውስጥ ስም ይጠራል። በዚያው ሰዓት እኛ ከዳሱ ጀርባ ለዘማቾቹ ምሳ እንሠራለን። ወለተ ኢየሱስ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ እሳቱን እማግዳለሁ። «እናንተ ወጡን አድርሱ፤ ትምህርቱ ይደርሳል» ይለናል። ወንዶቹ ሀ ሁ ሲሉ በዳሱ ቅጠል መሃል እሰማለሁ። አንድ ቀን ስሜ ሲጠራ ከጭሱ ውስጥ «አቤት!» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ቀሪ ብሎ ጻፈኝ።

ምሳውን ግን በላ።

ኅዳር 24

ምንም አልጻፍኩም።

ኅዳር 27

የሚያናድደኝ ምንድን ነው... መጽሐፉ ጥሩ ነው። ሰሌዳውን በራሱ ተሸክሞ የሞላ ወንዝ ሲሻገር። ጓደኛውን ወባ ገድሎበት አፈር ሲያለብስ። አለቀስኩ። ምን አስለቀሰኝ?

«አይነበብ» ብል ቂም ነው። «ይነበብ» ብዬ ዝም ብል ቀሪ እንደሆንኩ ልሞት ነው። ገጽ 61 ውሸት ነው ብል ደግሞ ማን ነህ ይባላል። መሪጌታው እዚያ አልነበረ። ምስክር ስም ያስፈልገዋል።

ስሜን ከጻፍኩ ግን የሁለት ዓመት ወረቀቴ ሁሉ የአሮጊት ወሬ ሆኖ ይቀራል። አውቃቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 3

የገበያ ቀን። ኃይለ ጊዮርጊስ በሞጣው አውቶቡስ መጣ። ሰብለ ላከችብኝ።

ሸብቷል፣ ወፍሯል። አንገቱ የለም።

«ይቀመጡ እማማ» አለ ወንበሩን እየለቀቀልኝ። «ሊቁ ይመጣሉ ተብዬ እየጠበቅኩ ነው።»

«መጥተዋል» አልኩት።

በሩን አየ። ማንም የለም።

«በዘመቻው ጊዜ ምሳህን ማን ነበር የሚሠራልህ?»

«ምን አሉኝ?»

«ገጽ 61 ላይ። አሥራ አንዱ እናቶች ቀሪ በሆኑበት ሰዓት፣ ምሳውን ማን ሠራው?»

ፊቴን አየ፣ እጄን አየ።

«ይርጋነሽ?» አለ።

«አቤት።»

በሠላሳ ዓመቱ ሰማኝ።

«መዝገቡን አይቼ ነው የጻፍኩት እማማ። ምሳው... መዝገብ ላይ አልነበረም።» አጎነበሰ። «በሁለተኛው እትም አስተካክለዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን እባክዎ...»

«ሁለተኛ እትም እንደሚኖረው ማን ነገረህ?»

ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች።

ያጎነበሰው ከልቡ ነው? ወይስ ለምረቃው ብሎ? እንጃ። ሲወጣ እጄን ሊስም ፈለገ። ከለከልኩት።

ታኅሣሥ 6

ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው ጻፍኩ፦

«ይህ መጽሐፍ ይነበብ። ወንዙን አውቀዋለሁ፤ እንዳለው ነው። ገጽ 61 ግን ውሸት ነው። እናቶቹ ቀሪ አልነበሩም። ከዳሱ ጀርባ የመምህሩን ምሳ ይሠሩ ነበር። አንዷ እኔ ነኝ። ይርጋነሽ ውበቴ።»

ሰብለ ከሽፋኑ ውስጥ ለጠፈችው።

ታኅሣሥ 13

ያ አፌን መርዝ ያለው ሰውዬ አነበበው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንሰማ የኖርነው አሮጊት ነው እንዴ?» አለ። ሊወስደው የያዘውን የንብ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ወጣ።

ጠብቄው ነበር። ቢሆንም...

ታኅሣሥ 21

ዛሬ የሞጣውን መጽሐፍ ገለጥኩት። ወረቀቴን ቀደውት ይሆናል ብዬ።

አልተቀደደም። ከስሜ ሥር በእርሳስ፣ ተለቅ ተለቅ ባለ ፊደል፦ «እኔም ነበርኩ። ሽንኩርት ከታፊዋ። ወለተ ኢየሱስ።»

የሰብለ ተንኮል መስሎኝ ከመዝገቧ ጋር አስተያየሁት። የሷ እጅ አይደለም። ወለተ ኢየሱስ መቼ ተማረች? ከማን? በየገበያው እንገናኛለን፤ አንድ ቀን አልነገረችኝም። እኔስ ነግሬያት አውቃለሁ?

«እዚህ ትመጣለች?» አልኩ ሰብለን።

«ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ከጥግ ትቀመጣለች። እኔ የልጅ ልጅ የምትጠብቅ ነበር የመሰለኝ።»

ነገ ሐሙስ ነው። መነጽሬን አድርጌ እቀመጣለሁ።