ዘጠነኛውን አንቀጽ ስለ ሰረዛችሁልን

ለተከበሩ አቶ ባንታየሁ፣ የትንንሽ ሠራዊት ተጫዋቾች ማኅበር የደንብ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ለተከበሩ የኮሚቴው አባላት በሙሉ
ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ

እንደምን ሰንብታችኋል? ወገባችሁ ከስብሰባ ወንበር፣ ዓይናችሁም ከማሻሻያ ወረቀት ብዛት እንዳይጎዳ እየተመኘሁ፣ እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት በግል የላክሁላችሁን ሁለት ደብዳቤዎች ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኛችሁ ስለ ተረዳሁ፣ ቢያንስ ቁልፍ ፍለጋ ኪሳችሁን በምትዳብሱበት ደቂቃ እንድታነቡት አስቤ ነው።

ለማያውቁኝ አጸደ እባላለሁ፤ ይህን ማኅበር የመሠረተው የዓምደሚካኤል ሚስት ነበርኩ። ባለቤቴ ጊጊሪ ካለው ቢሮው ሲመለስ አውራ ጣት የሚያካክሉ ወታደሮችን እየቀባ ይቀመጥ ነበር። እኔም ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ሲጫወት እያልኩ አልፈው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ ያንን ሠራዊትና በእጁ የጻፈውን የማኅበሩን ደንብ ትቶልኝ ሄደ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ንባብ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ስለሆነ ደንቡን ቀስ ብዬ ስድስት ጊዜ አነበብኩት። እናንተ ስንት ጊዜ እንዳነበባችሁት አልጠይቅም። ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ ከካሳራኒ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እየመጣሁ፣ ወታደሮቹን በጠረጴዛ ላይ አሰልፌ፣ ዳይስ የሚሉትን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣልኩና ርቀት በሜትር እየለካሁ መጫወት ጀመርኩ። ወንበር ላቀረባችሁልኝም፣ ለሳቃችሁብኝም ምስጋናዬ እኩል ነው።

አሁን ወደ ተራ ቁጥሩ ልግባ።

አንደኛ፦ ዘጠነኛውን አንቀጽ ስለ ሰረዛችሁልን እናመሰግናለን። ይህ አንቀጽ ወታደሮቹን ከተፈቀደው ርቀት ያሳለፈ ተጫዋች፣ ተጋጣሚው ሳያይበት ራሱ ከተናገረ፣ ወደ ቦታቸው መልሶ ያለ ቅጣት እንዲቀጥል ይፈቅድ ነበር። ስለዚህም አዳራሻችን ቀኑን ሙሉ «ቆይ፣ አሳልፌያለሁ» በሚል ድምፅ ይረበሽ ነበር። በአዲሱ ደንባችሁ መሠረት ግን ተራው እስኪያልቅ ተቃውሞ ያልቀረበበት ነገር ሁሉ ትክክል ነው፤ ስሕተቱን የተናገረ ደግሞ ያንቀሳቀሳቸውን ወታደሮች በሙሉ ያጣል። ይህን ያደረጋችሁት ጊዜ ለመቆጠብ መሆኑን ነግራችሁናል። በእርግጥም ተቆጥቧል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ሁሉም ሰው የራሱን ትቶ የሌላውን እጅ ነው የሚጠብቀው።

ሁለተኛ፦ የዛሬ ወር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ስላገኘሁት ድል አመሰግናለሁ። ተጋጣሚዬ የወይዘሮ ሠርክ ልጅ ያኤል ነበረች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ከእኔ ጋር በተቀመጠች ቁጥር «ማማ አጸደ፣ ዛሬ ምሕረት የለም፣ ሳዋ?»፣ እሺ? ለማለት ነው፣ እያለች እጅጌዋን የምትሰበስብ ተማሪ ናት። ያሸነፈ ሰው ማኅበሩን ወክሎ ለውድድር ካምፓላ ይሄዳል፤ ያኤል ለዚያ ጉዞ ሁለት ዓመት ስትዘጋጅ አይቻለሁ። በመጨረሻው ተራ ዳይሷ ወድቆባት ከጠረጴዛው ሥር ስታጎነብስ፣ እኔ ሦስቱን ፈረሰኞቼን በጠረጴዛው መካከል ወዳለው፣ ቀድሞ የደረሰ ወደሚያሸንፍበት ድልድይ አስኬድኳቸው። የተፈቀደልኝ ሠላሳ ሳንቲሜትር ሲሆን ሠላሳ አራት ሄዱ። ቀና ስትል ሜትሩን አጥፌ ጨርሻለሁ። «ኧረ ማማ አጸደ፣ እንዴት ደረሱ!» አለችና ስቃ እጄን ጨበጠችኝ። ብናገር ፈረሰኞቹንም ጨዋታውንም እንደማጣ አውቅ ስለ ነበር ዝም አልኩ።

ዝምታው የእኔ ነው፤ በእናንተ አላሳብብም። የማመሰግናችሁ ትክክል ነው የሚል ወረቀት ስለ ሰጣችሁኝ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ከመጪው ወር ጀምሮ የተጠገነ የወታደርም ሆነ የፈረስ ምስል በውድድር እንዳይቀርብ መከልከላችሁን በአክብሮት አንብቤያለሁ። ከሦስቱ ፈረሶቼ የአንዱ እግር በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መደርደሪያውን ስወለውል ጥዬ የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ገብቶ ማን እንደ ሰበረው ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን እንኳ ሳላስጨርሰው፣ «ጌጤ ትሆናለች» አልኩት። ጌጤ ያን ጊዜ ቤታችን ትሠራ ነበር፤ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። ወሩ ሲያልቅ አሰናበትናት። ባለቤቴ የፈረሱን እግር አጣበቀና ነገሩን ዳግም አላነሣውም፤ እኔም ሳልነግረው ሞተ። ዘጠነኛውን አንቀጽ የጻፈው ከዚያ ቀን በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም፤ ቀን አልጻፈበትም። ጌጤ ዛሬ ከአዳራሻችሁ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ምግብ ቤት ትሠራለች። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን መንገድ ላለማለፍ ዞሬ ስመጣ ኖሬያለሁ። እንግዲህ የተከበረው ኮሚቴ ዝምታን ደንብ ከማድረጉ በፊት እኔ ያለ ደንብ ሠልጥኜበት እንደ ነበር ይረዳልኛል።

አራተኛ፦ ስለ ይግባኝ አሠራራችሁ ቃል ያጥረኛል። ከጨዋታው በኋላ በሦስተኛው ቀን ጥፋቴን ጽፌ ሳቀርብ፣ ጸሐፊያችሁ ወይዘሪት ሶፍያ «አሸናፊ ይግባኝ የሚልበት አንቀጽ የለም፣ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት ከአበባ ሥዕል ጋር ላኩልኝ። ለያኤል ነገርኳት። «ማማ፣ ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብላኝ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ማማ አጸደ ብላ አልጠራችኝም። ይግባኙን እሷ ብታቀርበውም ተራው ሳያልቅ መቃወም እንደ ነበረባት ገልጻችሁ መለሳችሁባት። ከጠረጴዛ ሥር ሆና ያላየችውን ነገር በጊዜው ባለመቃወሟ ጥፋተኛ ያደረጋችኋት በሙሉ ድምፅ መሆኑንም ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መስማማት በስንት ቤት ይገኛል?

ልመናዬ አጭር ነው። የተወዳዳሪ ስም ወደ ካምፓላ የሚላከው ዓርብ ነው፤ የያኤልን ስም ላኩ። እኔ አልሄድም። ዋንጫው በጨርቅ ከረጢት ሆኖ በበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። ዘጠነኛውንም አንቀጽ መልሱ። ካልመለሳችሁት ግን ማኅበሩን ለቅቄ እንደማላሳርፋችሁ ከወዲሁ አስታውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ግማሽ ሳንቲሜትር ባሳልፍ እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ፤ ወታደሮቼን አንድ በአንድ ውሰዱ፤ የቆጠባችሁት ጊዜ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ እንደገና ደርድሬ እጀምራለሁ።

ፊርማችሁ እንዲያምር፣ ማኅተማችሁ እንዳይደርቅ፣ ጥያቄ የሚያበዛ አባልም እንዳይገጥማችሁ ከልብ እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት፣
አጸደ
የአንድ መቶ አሥራ ሁለት ወታደሮችና የአንድ ሽባ ፈረስ ጠባቂ
ካሳራኒ

ማስታወሻ፦ ይህ ለአቶ ባንታየሁ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችሁ ስታነቡ እንዳላያችሁ ሁኑ፣ ደንቡ ይፈቅድላችኋል። ያኤል ዳይሷን ስትፈልግ እርስዎ ለስላሳ መጠጥዎን ይዘው ከጠረጴዛው ራስጌ ቆመው ነበር። ሜትሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈገግ አሉ። ትናንት በዚያ በማላልፍበት መንገድ አልፌ ጌጤን አገኘኋትና ፈረሱን የሰበርኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሰማችኝና፣ «እትዬ፣ ታዲያ የፈረሱ እግር ዳነለት?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቼ ነው የሄድኩት። እርስዎ የዘገዩት ገና አንድ ወር ነው፤ እስከ ዓርብ ጊዜ አለዎት።