ለእድሩ መኪና የመረጥኩት ቱርቦ

ጥቅምት 3
የአየር ማጣሪያውን አራግፌ መለስኩት። አቧራ ብቻ። የምነዳት የእድሩ ፒክአፕ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሞተሯ ትንሽ፣ አሮጌ ዲዝል። ወደ መካነ ሰላም የሚያወጣው ዳገት ላይ እንደ ልማዷ አቃሰተች። አሥራ ሁለቱም ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ወጣ። አንዲት ባልቴት ቀድመውኝ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ምናለ፣ ነገ እኔው ልዘላት» አሉኝ። ተሳሳቅን።
ከፍታው ላይ አየሩ ሲሳሳ ትንፋሽ ያጥራታል። አየር እየጨመቀ የሚያጎርሳት ቱርቦ ቢገጠምላት... እገጥምላታለሁ ስል ስንት ዓመቴ?

ጥቅምት 8
ምን ብዬ ልጻፍ።
ማለዳ ንግሥቴን ምጥ ያዛት። የይሄነው ሚስት። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ «ልጁ ተጋድሟል፤ አሁኑኑ መካነ ሰላም ሆስፒታል» አለች። ይሄነው አብሮ አደጌ ነው። ትከሻዬን ይዞ «አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ካለህ እንደርሳለን» አለኝ። እሱ እኔን ያጽናናል!
መኪናዋ ዳገቱ መሀል ቆመች። አንደኛ ማርሽ ላይ። ጥቁር ጭስ። አስነሳሁ፣ ጠፋች። አስነሳሁ፣ ጠፋች። ከማሳ ሰው ተጠራራ፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሮጡ።
ንግሥቴ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር አሉ።

ጥቅምት 11
እጄን ስዘረጋለት ይሄነው አልፎኝ ሄደ።
ሌላው ሰው ሁሉ ያጽናናኛል። «አሮጌ ብረት ነው፣ አንተ ምን ታደርግ?» ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ ይብስብኛል።

ጥቅምት 13
ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሊቀመንበር መሪጌታ ወልደሩፋኤል ጠሩኝ።
«ልጄ፣ ትሸጥ ወይስ መድኃኒት አላት?»
«ቱርቦ ከተገጠመላት ትወጣለች።»
«እርግጠኛ ነህ?»
«አዎ መሪጌታ።»
አፌ ቀደመኝ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ጊዜ ሰጡኝ። አንድ ወር አይሞላም።

ጥቅምት 16
አቀስታ ዋልኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋሼ ገበየሁ ሠላሳ ዓመት ዲዝል ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቱርቦ ይምረጡልኝ ብዬ ሄድኩ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ።
«የቆመችው በስንተኛ ማርሽ ነው?»
«በአንደኛ።»
«ምን ጭነህ?»
«አራት ሰው።»
እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።
«አራት ሰው ጭና በአንደኛ ከቆመች ሞተሯ አልቋል። ያለቀ ሞተር ላይ ቱርቦ አይገጠምም፤ ግፊቱ ይጨርሳታል። እኔ አልመርጥልህም።»
ለመንኳቸው። እንቢ አሉ። ለመንኳቸው...

ጥቅምት 19
ደሴ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁለት ቱርቦ አወጣልኝ። አንዱ ከጭነት መኪና የወረደ፣ የሰው ራስ ያክላል። ሌላው ከትንሽ ዲዝል የወጣ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ። የመሀል ዘንጋቸውን ነቀነቅኩ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።
«ላንተ ሞተር ትንሹ ነው የሚስማማው» አለ ሻጩ።
ትልቁን ይዤ ወጣሁ። ለምን? ይቺ ጭብጥ የምታክል ነገር ንግሥቴን ታወጣት ነበር? አላመንኩም። ትልቅ ነገር ፈለግሁ። ዳግመኛ እንዳትቆም...

ጥቅምት 25
ገጠምኩት። ከሞተሩ የዘይት መስመር ሳብኩለት፣ የጭስ መውጫውን ቆርጬ እንደገና በየድኩ። ሜዳው ላይ በረረች! ልቤ ዘለለ።
ዳገቱ ላይ ምንም። በቀስታ የሚዞር ትንሽ ሞተር ይህን ትልቅ ነገር የሚያሽከረክርበት ጭስ ከየት ያምጣ? ቱርቦው እስኪነቃ እሷ ትቆማለች።
ወደ ሞተሩ የሚገባውን ናፍጣ ጨመርኩባት። ምናልባት...

ጥቅምት 26
ሞተሩ ጋለ። የሞተሩን ክዳን የሚያሽገው ጉርኒሲዮን ተቃጠለ። ነጭ ጭስ፣ ራዲያተሩ የፈላ ውሃ ይተፋል። ደግነቱ ብቻዬን ነበርኩ። በበሬ ጎትተን መለስናት።
ቀድሞ እየቆመችም ቢሆን ትሄድ ነበር። አሁን ጭራሽ የለችም። ሰው ቢታመምስ?

ኅዳር 1
ታመመ። የጎረቤቴ የአስናቀው ወንድም ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ በቃሬዛ አወጡት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ይሄነው ነው። ልጁን የቀበረ ሰው የሌላ ሰው ልጅ ተሸክሞ በደጄ አለፈ። እኔ ከተፈታው ሞተር ሥር ነበርኩ፤ ወጥቼ ልተካው አልደፈርኩም።
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ኅዳር 2
እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ያልጻፍኩት አለ። ከእኔ በቀር ማንም በማያየው ደብተር።
ንግሥቴን ምጥ በያዛት ቀን አራት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ነበር። የራሴን። ለገበያ። በእድር መኪና የግል ጭነት ክልክል ነው፤ በሸራ ሸፍኜው ነበር። ይሄነው ለንግሥቴ ፍራሽ ሲያነጥፍ በእጁ ዳበሰውና «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «የእድሩ ድንኳን» አልኩት።
ለማራገፍ ጊዜ አልነበረም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ውሸት። ሳራግፍ እንዳልታይ ነው።
ማንም አላወቀም። ሲመሽ በአህያ መለስኩት።

ኅዳር 4
አቀስታ ተመለስኩ።
«ጋሼ፣ ዋሽቼዎት ነበር። አራት ሰው ብቻ አልነበረም፤ አራት ኩንታል ጤፍም ነበር።»
የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ።
«ምጥ ላይ ያለች ሴት ጭነህ?»
«አዎ።»
አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።
«እንግዲያው ሞተሯ ደህና ነበረች። በቀስታ ስትዞር ቶሎ የሚነቃ ትንሽ ቱርቦ ይበቃታል። ግፊቱን ዝቅ አድርገን እንይዘዋለን።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ስለ መኪናዋ የምነግርህ ይኸው ነው። ለሰዎቹ የምትነግረውን አንተ ታውቃለህ።»

ኅዳር 9
የደሴው ሻጭ ትልቁን ተቀብሎ ትንሹን ሰጠኝ። ጋሼ ገበየሁ በአውቶቡስ መንደራችን ድረስ መጡልኝ። ጉርኒሲዮኑን ለወጥን፣ ናፍጣውን ወደ ልኩ መለስን፣ ትንሹን ገጠምን። ስድስት ሰው ጭነን ሞከርናት። ቀጭን ፉጨት አሰማችና... በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ጨረሰችው።
ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔ መሪው ላይ ተደፋሁ። በደስታ መሰላቸው።

ኅዳር 12
የእድሩ ስብሰባ። ሊያመሰግኑኝ ተነሱ። «መጀመሪያ ልናገር» አልኩ። ጤፉን፣ ሸራውን፣ ድንኳን ነው ያልኩትን... ሁሉንም።
ይሄነው ተነሳ። የሚመታኝ መስሎኝ ፊቴን ሰጠሁት። አልመታኝም። ወጥቶ ሄደ።
መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።»
ሰጠኋቸው። መንዳት የሚችለው አስናቀው ተረከበ።

ኅዳር 24
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመሪጌታ ባለቤት እትዬ አበዛሽ ደረታቸውን ወግቷቸው አስናቀው ይዟቸው ወጣ። አሠልጥኜዋለሁ፦ ማርሽ ቀድመህ ቀንስ፣ ዳገቱን እንደጨረስክ ሞተሩን አታጥፋ፣ ቱርቦው ቀዝቀዝ ይበል። ማሳ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ድምፁ ሳይቋረጥ ከላይ ጠፋ። መርፌ ተወግተው ተኝተዋል፣ ደህና ናቸው አሉ።
ከሰዓት በኋላ ንግሥቴ መጣች። ብቻዋን። ከስታለች። ደጃፉ ላይ ቆመች።
«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ።»
«አልዋሽሽም።»
«ጤፉ ባይኖር ልጄን እናደርሰው ነበር?»
ሌሊት ሌሊት የምፈራው ይህችን ጥያቄ ነበር። «አላውቅም» አልኳት። «አዎ ብልሽም አይ ብልሽም ውሸት ነው። መኪናዋ ግን ዳገቱን ትጨርሰው ነበር። እሱን አውቃለሁ።»
ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።
«ይሄነው ይቅር አይልህም።»
«አውቃለሁ።»
«እኔም ዛሬ ይቅር ልልህ አልመጣሁም።»
«አውቃለሁ ንግሥቴ።»
የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ውስጥ አየች፣ ወደ ዳገቱ አየች...
«ደክሞኛል» አለች። «ውሃ አጠጣኝ።»
ቀዳሁላት። ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና እስከ መጨረሻው ጠጣችው።