ቆርቆሮን ያሳሰረው ወረቀት

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብ ሕመምህ ተወት አደረገህ? ባለቤትህና ትንሿ ልጃችሁስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለንም። እናታችን ይህን መጻፌን ብትሰማ ዓይንሽን አልይ ትለኛለች።

ታናሻችን ቆርቆሮ ታስሯል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ፖሊሶች መጥተው ከምሳ ላይ አስነሱት። ምን አድርጎ ነው ስላቸው፣ አንደኛው የመያዣ ትዕዛዙን ብልጭ አድርጎ አሳየኝና መልሶ ኪሱ ከተተው። ጣቢያ ብንሄድ ፍርድ ቤት ጠይቁ አሉን።

ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ በመስኮቷ አየት አድርጋኝ፣ መዝገብ የሚታየው ለባለጉዳይ ብቻ ነው አለች። ባለጉዳዩ እኮ ታስሯል ብላት፣ እንግዲህ ምን ላድርግሽ ብላ ሻይዋን ፉት አለች። ከራሷ በላይ ደግሞ መዝገብ ለማንኛውም ሰው ክፍት እንደሆነ የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፏል። በጣቴ ባሳያት ዞር ብላም አላየችው። ደሜ ፈላ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ እየተመላለስኩ ደጅ ስጠና አንድ ቀን ዳኛዋ ሲያልፉ ጭቅጭቃችንን ሰሙ። ሰው የታሰረበትን ምክንያት ቤተሰቡ ካላነበበው ለማን ብለን ነው የምንጽፈው ብለው መዝገቡ እንዲሰጠኝ አዘዙ።

ወንድም ጋሼ፣ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ትዕዛዙ የተሰጠው በአቤቱታ ነው፤ ከአቤቱታው ግርጌ ያለው ፊርማ ያንተ ነው። የላክሁለትን የብየዳ ማሽን ሸጦ በላብኝ ብለህ በጠበቃ አመልክተሃል። የጎረቤታችን የጫማ ሰፊው የምስክርነት ቃልም ተያይዟል፤ የቆርቆሮ ሱቅ ተዘግቶ ማሽኑ በጋሪ ሲወጣ አይቻለሁ ብሏል። ሰውዬው አልዋሸም፣ ያየውን ነው የተናገረው።

ጋሪው የሄደው ግን እናታችን ቤት ነው። ክረምት ላይ ሱቁ ጎርፍ ገባበትና ማሽኑ ተቃጠለ። ቆርቆሮ ሰው ዘንድ ተቀጥሮ ለመለዋወጫው እያጠራቀመ ነበር፤ ማሽኑ አሁንም እናታችን አልጋ ሥር ተሸፍኖ ተቀምጧል። እሷ ናት በሰው አገር ነው ያለው፣ እንዳይጨነቅ ብላ ሁላችንንም አፋችንን ያስያዘችን። አንተ ደውለህ ሥራ እንዴት ነው ስትለው ግሩም ነው ይልህ የነበረው ለዚህ ነው። የአባታችንንም ሕመም እንዲሁ ደብቀንህ ከቀብሩ በኋላ ሰማህ፤ እንዳታምነን ያደረግንህ ራሳችን ነን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ቢሆንም ተናድጄብሃለሁ። ምናለ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ? ብትጠይቀኝስ እውነቱን እነግርህ ነበር ወይ? እንጃ። ለማስፈራራት ብለህ እንጂ ያስሩታል ብለህ እንዳላሰብክ ልቤ ይነግረኛል። ሰኞ ችሎት ይቀርባል፤ ፖስታ አይደርስም ብዬ ይህን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ፤ በሞቴ፣ ከዚያ በፊት ለጠበቃህ ደውልና አቤቱታህን አንሳ።

ባለቤቴ በጣም ሰላም ብሎሃል። ልጆቼ ጉልበትህን ይስማሉ። እናታችን፣ ጤናውን ብቻ ጠይቂልኝ፣ ደህና ነን በይው ብላኛለች። ቆርቆሮም ምግብ ሳደርስለት በፍርግርጉ በኩል ሰላም ብሎሃል። ማን እንዳሳሰረው አልነገርኩትም። እሱ አጥብቆ የለመነኝ፣ ለወንድም ጋሼ እንዳትጽፊለት፣ ይጨነቃል ብሎ ነው።

እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ሐሙስ ጥቅምት 12