አራት አዲስ ቀዳዳ ላስበሱልን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የወገብዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ያን የሚያህል ብረት በሁለት እጅዎ ከፍ አድርገው፣ በሠራተኞችዎ ፊት ቆመው ያን የሚያህል ንግግር ካሰሙን እነሆ አምስት ሳምንት ሊሆን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዎን ስላልሰማሁ አሳብ ገብቶኛል። ማየት ለተሳናቸው በተዘጋጀው ማንበቢያ ክፍል ውስጥ የምንገለገል ዘጠኝ ሰዎች ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ትንሽ የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጥዎ ከልብ እንመኝልዎታለን።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስልክ ሳገናኝ የኖርኩት ኦፕሬተር ነኝ። ዓይኖቼ ከልጅነቴ ጀምሮ አያዩም። የድሮው የስልክ ማዞሪያ በአዲስ ሲተካ እኔም አብሬው ተነሣሁና፣ ሥራ ከፈታሁ አይቀር ብዬ፣ ያቋረጥኩትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት በአርባ ስድስት ዓመቴ ልጨርስ ተመዘገብኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሴት ልጄ ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጠን እንፈተናለን። መጻሕፍቱን ያነብልኝ የነበረው በክፍላችን ያለው አንድ ለእናቱ የሆነ ኮምፒውተር ነው። ገጹን ፎቶ አንሥቶ በድምፅ ያነባል፤ ድምፁ ኮስተር ያለ የአዛውንት ድምፅ ስለሆነ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ከስድስቱ መጻሕፍቴ ሁለቱን ጨርሶ ሦስተኛውን አጋምሶልኝ ነበር።

ጋሼ ከምሳ በኋላ እየሞቀው በዐረፍተ ነገር መሐል ዝም ማለት ሲጀምር፣ የጥገና ሠራተኛዎ ከፍቶ አየውና አቧራ መሆኑን፣ በብሩሽ ጠርጎ በትንሹ ማቀዝቀዣው ሥር የደረቀውን ቅባት ቢቀይርለት ግማሽ ሰዓት እንኳ እንደማይፈጅ ነገረን። እርስዎ ግን ብሩሽ ለክብራችን እንደማይመጥን ተረድተው፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት የኖረውን፣ ለሌላ ዓይነት ትልቅ ማሽን የተሠራውን ማቀዝቀዣ አስወጡልን። ቁመቱ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ፋን የተለጠፈበት፣ በእርግጥም ግርማ ያለው ብረት ነበር።

ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ። ዘጠኝ ነጥብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ልጄ፣ «እማዬ፣ ሰውየው እስከ ሦስት ድረስ ካነበቡልሽ ትልቅ ነገር ነው» ስላለችኝ ሦስት አድርጌዋለሁ።

፩ኛ. ማቀዝቀዣው በመጣ ዕለት ፈቃድ ጠይቄ በጣቴ ዳሰስኩት። ቀጥዬም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ የተሸከመውን ማዘርቦርድ የሚሉትን ሰሌዳ ዳሰስኩ። የማቀዝቀዣው አራት እግሮች ከማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ይወጣሉ። ይህን በትሕትና ስነግርዎ፣ «እርስዎ ደግሞ ምን አይተው ነው?» አሉኝ። ሠራተኞችዎ ሳቁ። እኔም ለጨዋነት ያህል ሳቅኩ። የጥገና ሠራተኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ልክ ነዎት፣ እትዬ» ሲለኝ ግን ሳቄን ዋጥኩት። በእነዚህ ጣቶች ሃያ ሁለት ዓመት ስንትና ስንት ገመድ ለይቼ፣ የእርስዎንም ስልክ ጭምር ለሚፈልጉት ሰው ሳቀብል ኖሬአለሁ፤ ምን አይተሽ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው በመሆንዎ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ነገሩን በአንድ ሰው አእምሮ ብቻ መፈጸም ስለሚከብድ ኮሚቴ አቋቋሙ። ቃለ ጉባኤውን ልጄ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብባልኛለች፦ «የማዘርቦርዱ ቀዳዳዎች ባልተገባ ቦታ ላይ የተገኙ ስለሆነ፣ በሚገባቸው ቦታ እንዲበሱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። የጥገና ሠራተኛው በማዘርቦርዱ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች እንዳሉ ነግሮ ቢለምንዎ፣ መሰርሰሪያውን አልይዝም በማለቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፤ በርና መስኮት የሚሠራው ብረታ ብረት ሠራተኛ ተጠርቶ በሳ። ብረቱ ራም የሚሉትን የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ቦታ ስለሸፈነ ራሙ ወጣ። የኮምፒውተሩ ጎን አልዘጋ ስላለ ጎኑ ተቆረጠ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የመሰርሰሪያውን ድምፅ እሰማ ነበር። አራት ጊዜ ጮኸ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ሁለቱ ፋኖች ደስ የሚል ነፋስ ነፉ። ጋሼ ግን ትንፍሽ አላለም። እርስዎም ነፋሱን በፊትዎ ላይ ተቀብለው «ይኸው ይሠራል!» ብለው ወጡ፤ በሪፖርትዎም የሙቀት ችግሩ ለዘለቄታው መፈታቱን ገለጹ። ለዚህስ ምስክር ነኝ። ባለፈው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን ስትወለውል ገብቼ ዳስሼዋለሁ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

፫ኛ. ክፍሉን ቆልፈው በሩ ላይ ማስታወቂያ አስለጠፉ። ዘጠኛችንም ሁለት ሳምንት ሙሉ እየመጣን፣ ቁልፍ ያዡ ያረፈደ መስሎን፣ በተዘጋ በር ላይ ተደግፈን ስንጠብቅ ከረምን። በመጨረሻ ያነበበችልን ያችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ክፍሉ ለጊዜው መዘጋቱን «ይህን ማስታወቂያ በማየት» እንድንረዳ ይላል። ለአንባቢ እንዲመች በትልልቅ ፊደል መጻፉንም ነግራናለች። ስለ አሳቢነትዎ ምን ብለን እንደምናመሰግንዎ ጠፍቶናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የለውም። በሩ ከተዘጋ ጀምሮ የምታነብልኝ ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የራሷን ደብተር ትታ የእኔን መጽሐፍ ትይዛለች። ሦስተኛውን መጽሐፍ እንዲህ ጨረስን። ትናንት አራተኛው ላይ ድምፅዋ ተዘጋ፤ ውኃ ጠጥታ ልትቀጥል ስትል መጽሐፉን ከእጇ ወስጄ ዘጋሁት። የእሷን ጊዜ በልቼ ማለፍ አልፈልግም፤ ከሁለታችን አንዳችን ማለፍ ካለብን እሷ ትሁን። ይህን ዐረፍተ ነገር አልጽፍም ብላኝ ነበር። ጻፊ አልኳት።

ስለዚህ ሌላ ትልቅ ማቀዝቀዣ እንዳያፈላልጉልን አደራ እላለሁ። የምንለምነው ትርፍ ቀዳዳ የሌለበት ማዘርቦርድ፣ የድሮውን ትንሽ ማቀዝቀዣና አንድ ብሩሽ ነው። ብሩሹን የሚይዘው ሰው አለዎት፤ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያንሡለት።

ለእኔ ባይደርስልኝም በሚቀጥለው ዓመት ለሚፈተን ይደርሳል። ሥራዎ ሁሉ ቀዳዳ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
ከስድስት መጻሕፍት ሦስቱን ይዛ ፈተና የምትገባው የቀድሞዋ የስልክ ኦፕሬተርዎ

ግልባጭ፦
ለጥገና ሠራተኛው፣ ከማስጠንቀቂያው ጋር እንዲያያዝለት

ማስታወሻ፦ ምን አይቼ እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር፤ ያን ዕለት ሳቅ ስለበዛ አልመለስኩልዎትም። ቁልፉን ከጽዳት ሠራተኛዋ ይቀበሉና ብቻዎን ይግቡ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። በአዲሱና በድሮው ቀዳዳ መሐል አንድ ጣትዎን ያሳርፉ፤ ልክክ ብሎ ይሞላዋል። እኔ ያየሁት እሱን ነው።