የሽጉጡንና የጥይቱን ልክ ያወቁት ወይዘሮ ፋናዬ ሕሩይ

ወይዘሮ ፋናዬ ሕሩይ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ሕሩይ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ አየለ በግንቦት ወር 1945 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የክፍለ ጦሩ መሣሪያ ጠጋኝ ስለነበሩ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት የጥይት ቀለህ በየዓይነቱ መለየት ተማሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሐረር አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሆኑ።

በ1970 ዓ.ም. ወደ ግንባር በሚሄድ መኪና ላይ ከወታደሮቹ ጠመንጃዎች ጋር የማይገጥም ጥይት ሲጫን አዩ። ለአለቃቸው ቢናገሩ «አንቺ ጻፊ፤ ጫኙ ይጭናል» ተባሉ። ዝም አሉ። መኪናው ሄደ። ይህን ለእኛ ለልጆቻቸው የነገሩን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የወታደሮቹን መጨረሻ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አላወቁም።

በ1972 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ተሰደዱ። በስደተኞች ጣቢያም ከአቶ ታዲዮስ ገብረ ክርስቶስ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው እ.ኤ.አ. በ1983 አትላንታ ገቡ። በሚድታውን ሆቴል አልጋ እያነጠፉ ሉሊትንና ፍፁምን አሳደጉ፤ በከተማዋ ዳርቻ በቻምብሊም የራሳቸውን ቤት ገዙ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ከአትላንታ ብዙም በማትርቀው በኬኔሶ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ቤተ መዘክር በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በምሳ ሰዓታቸው የቤተ መዘክሩን መጻሕፍት ያነቡ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤተ መዘክሩ በምዕራብ አሜሪካ ጠረፍ የዘመቱ ፈረሰኞች ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የታጠቋቸውን ሪቮልቨር ሽጉጦች የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው እናታችን መስታወት ሲወለውሉ፣ ስኮፊልድ ከሚባለው ሽጉጥ ጎን የተደረደሩት ጥይቶች ረዘሙባቸው። የኮልት ሽጉጥ ጥይቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሠራዊቱ ሁለቱንም ሽጉጦች ያስታጥቅ ነበር፤ የስኮፊልድ አጭር ጥይት ለሁለቱም ሲያገለግል፣ የኮልት ረጅም ጥይት ግን ለስኮፊልድ አይሆንም።

ለሱፐርቫይዘራቸው ሲነግሩት «ጽዳትሽን ሥሪ» አላቸው። ማታ ቤት ሲነግሯቸው አባታችንም «ተዪው ፋንዬ፣ ፋየር ያደርጉሻል» ብለው ከሥራ እንዳይባረሩ ሰጉ። እሳቸው ግን «አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ሁለተኛ አልልም» አሉና በማግስቱ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው፣ ባሩዱ የወጣለት አንድ ረጅም ጥይት አስመጥተው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስኮፊልዱ ውስጥ ሞከሩት። ጥይቱ ረዝሞ ሽጉጡ አልዘጋ አለ። ኮልቱ ውስጥ ሲያገቡት ልክ ሆነ። መጀመሪያ ያጨበጨቡት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ። «ሚስ ፋናዬ፣ መወልወያውን ለሌላ ሰው ይስጡት» አሏቸው።

ያ ኤግዚቢሽን ታርሞ ተከፈተ። እናታችን በመዝገብ ክፍል ረዳትነት ጀምረው የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ከሥራ መልስ እየተማሩ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዲግሪያቸውን ሲቀበሉ፣ አባታችን አዳራሹ እስኪናወጥ እልል አሉ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሽጉጦችን ከነጥይታቸው መዝግበዋል፤ አርባ አንድ ስሕተትም አርመዋል። ከቴክሳስና ከሞንታና ድረስ ባለሙያዎች እየደወሉ ያማክሯቸው ነበር። የጽዋ ማኅበር እህቶቻቸው «እትዬ ጥይቷ» ሲሏቸው ከልባቸው ይስቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በክብር ጡረታ ወጡ።

ባደረባቸው የቆሽት ካንሰር ለስምንት ወራት ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ታዲዮስን፣ እኛን ልጆቻቸውን ሉሊትንና ፍፁምን፣ አራት የልጅ ልጆችንና እህታቸውን ወይዘሮ ፀሐይነሽን ትተው አልፈዋል።

ደጃፏ ለስደተኛ ሁሉ ክፍት በሆነችው በሰማያዊት ኢየሩሳሌም፣ ከደጋጎቹ እናቶች ጎን አምላክ ለእናታችን የክብር ስፍራ ይስጥልን። አሜን።